ሰፈር ሲበላ

በአማርኛ «በላ» የማይገባበት ጓዳ የለም። የጥንቱ ሹም ጉልት ይበላ ነበር። ዕጣ የወጣለት ሰው ዕቁብ በላ ይባላል። ብል ጥበብ ቀሚስ ይበላል፤ ዝገት ብረት ይበላል፤ እምነት ያጎደለ ሹም የሕዝብ ገንዘብ ይበላል። እንግዳ ተቀባዩም፣ ቀማኛውም በዚችው በአንዲት ግስ ይገለገላሉ። ከተማ ሲበላ ግን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ክረምት፣ አጎቴን ልጠይቅ ዋሽንግተን በሄድኩ ጊዜ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የጉብኝት መጽሔት ነው። አጎቴ ከ30 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። መጽሔቷን አንድ ተሳፋሪ የኋላ ወንበር ላይ ረስቷት ወርዶ ኖሮ፣ «እንካ፣ ያለህበትን ከተማ እወቅ» ብለው ሰጡኝ። ሐተታዋ ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ ዋሽንግተን የቢሮና የሐውልት ከተማ ብቻ አይደለችም፤ የፈጠራ ከተማ ናት፤ ውበቷ ያለው በሰፈሮቿና በምግቧ ነው፤ ሦስት ቀን ያለው ሰው ምሳውን ሾ ሰፈር ወርዶ ኢትዮጵያን፣ እራቱን ማውንት ፕሌዘንት ወጥቶ ኤልሳልቫዶርን ቢበላ ከተማዋን አወቃት ማለት ነው።

እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ ደስ አለኝ። የሀገሩ ስም በመልካም ሲነሣ የማይፈነድቅ ማን አለ? «ውሰዱኝ» አልኳቸው፤ ወሰዱኝ። ይህን የምጽፈው ያ ደስታ እንዴት ወደ ንዴት እንደ ተለወጠ፣ ንዴቱም ከጎብኚዎቹ አልፎ ወደ ራሴና ወደ ወገኖቼ እንዴት እንደ ዞረ ለመናገር ነው። (ስለ ሰው ሀገር የማወራ ስለሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ዘጠነኛው ጎዳና ከዩ ስትሪት በሚገናኝበት አካባቢ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ አክሱም አለ፣ ላሊበላ አለ፣ ጀበና የያዘች ቆንጆ አለች። ገና እጃችንን ታጥበን ሳንቀመጥ ደረታቸው ላይ ስማቸውን የለጠፉ አሥራ ሁለት ያህል ሰዎች አንዲት አስጎብኚ ተከትለው ገቡ። አስጎብኚዋ እንጀራ የሚበላ ማንኪያ መሆኑን አስረዳች። ቀጥላም ጉርሻ ምን እንደ ሆነ አስረዳችና አጎራረሱ እንዲቀረጽ ስልክ ያላቸው ስልካቸውን እንዲያወጡ ጠየቀች። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ አንድ ጉርሻ እየተጎራረሱ ሳቁ። እናቶቻችን «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይሉ ነበር፤ ሁለተኛው ሳይደገም አይቀርም ነበር። እነዚያ ግን ሁለተኛ አላስፈለጋቸውም። ለሰፈሩ የተመደበው አርባ ደቂቃ ስላለቀ ተነሥተው ሄዱ። በደጅ ሲያልፉ አንዳቸውም ቀና ብለው ፎቁን አላዩም፤ ያ ሰፈር የማን እንደ ነበረ አልጠየቁም፤ አስጎብኚዋም አልነገረቻቸውም።

ልስቅባቸው ቃጣኝ። ወዲያው ግን ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ጠዋት እኔ ራሴ ዩ ስትሪት ላይ ቤንስ ቺሊ ቦውል ገብቼ፣ ሀፍ ስሞክ የሚሉትን ቅመም የበዛበት የቺሊ ወጥ የፈሰሰበትን ቋሊማ አዝዤ፣ ሳህኑን ፎቶ አንሥቼ፣ በልቼ ወጥቻለሁ። የባለቤቶቹን ታሪክ አልጠየቅሁም። ከአሥራ ሁለቱ በምን እበልጣለሁ?

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጠየቅሁ፤ አጎቴም ነገሩኝ። ያላወቁትን ደግሞ እኔ ማታ ማታ አነበብኩ።

ዩ ስትሪት ሰፈር የሆነው በፍቅር ብቻ አይደለም፤ በግፍም ነው። በዘር ክፍፍል ዘመን ጥቁሩ ሕዝብ መሐል ከተማ ቲያትር ቤት ገብቶ እንደ ሰው መቀመጥ ስላልተፈቀደለት የራሱን ሠራ። ሀዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ። ዱክ ኤሊንግተን በዚህች ከተማ በ1899 ተወልዶ በዚህ አካባቢ አደገ። ኤስ ስትሪት ላይ ጆርጂያ ዳግላስ ጆንሰን የተባለች ባለቅኔ ቅዳሜ ማታ ቤቷን ትከፍት ነበር። ባሏ በ1925 ከሞተ በኋላ ልጆቿን ለማሳደግ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውላ፣ ማታ ግን ቤቷ የጸሐፍት መሰብሰቢያ ነበር። ላንግስተን ሂዩዝ፣ ጂን ቱመር፣ አሌን ሎክ ከእንግዶቿ መካከል ነበሩ። የፈጠራ ሰፈር ማለት እንዲህ ያለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደክሞት የገባ ሰው ሻይ አፍልቶ ግጥም የሚያዳምጥበት።

ሂዩዝ ያን ጊዜ ድኻ ነበር። ከእናቱ ጋር ማሞቂያ በሌለው ቤት ይኖር ነበር። በ1925 ዋርድማን ፓርክ ሆቴል ሳህን አንሺ ሆኖ ሲሠራ፣ ቬቸል ሊንድሴይ የተባለ ዝነኛ ገጣሚ ለእራት ሲቀመጥ ግጥሞቹን ከሳህኑ አጠገብ አኑሮለት ዞር አለ፤ ወሬው በማግሥቱ በጋዜጣ ወጣ። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ የዋሽንግተንን ጥቁር ባለ ማዕረጎች በጉራቸው ይወቅሳቸዋል፤ የሚወደው ሰባተኛው ጎዳናን ነበር፤ ድኻው ብሉዝ የሚጫወትበትን፣ ጥብስና የዓሣ ሳንድዊች የሚበላበትን። ይህን ሰባተኛ ጎዳና ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቤንና ቨርጂኒያ አሊ ምግብ ቤታቸውን የከፈቱት በ1958 ነው፤ ቤቱ ከዚያ በፊት ድምፅ አልባ ፊልም የሚታይበት ነበር። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ቁጣው ከ14ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት መገናኛ ፈነዳ። አካባቢው ሲቃጠል ይህ ቤት በሰዓት እላፊ እንኳ ክፍት ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ከዚያው ይበሉ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሀብታሙም መካከለኛውም ሸሸ። ሰፈሩ ለሃያ ዓመት ያህል ተረሳ፤ ቀጥሎ ለባቡር መንገድ ሲባል ጎዳናው ተቆፈረ፤ ጣቢያው በ1991 ተከፈተ። በጉድጓዱ ዘመን የጸኑ ነጋዴዎች ጥቂት ናቸው። እኔ ፎቶ ያነሣሁት ቋሊማ ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው።

ጣቢያው ከተከፈተ በኋላ ገንዘብ መጣ፤ አፓርታማዎች ተሠሩ። ዩ ስትሪት ላይ አንዱ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ «ዘ ኤሊንግተን» ይባላል። 14ኛው ጎዳና አጠገብ ያለው «ላንግስተን ሎፍትስ» ይባላል። ሥሩ በ2005 የተከፈተው ምግብና መጽሐፍ ቤት ደግሞ ለዚያ ለሳህን አንሺው ገጣሚ መታሰቢያ «ባስቦይስ ኤንድ ፖየትስ» ተብሏል። (ቤቱን አልከስም፤ ግጥም ይነበብበታል።) እኔ የምለው ሌላ ነው፦ በዚህ ዘመን ሳህን የሚያነሣ ገጣሚ በስሙ በተሰየመው ሕንፃ አንዲት ክፍል መከራየት ይችላል ወይ? አጎቴን ጠየቅኋቸው። «ሳህን አንሺዎቹንማ ሌሊት ወደ ሜሪላንድ የማደርሳቸው እኔ ነኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ «የፈጠራ ከተማ» የሚለው ስብከት ከየት እንደ መጣ ማንሣት ግድ ነው። በ2002 ሪቻርድ ፍሎሪዳ የተባለ ምሁር ስለ ፈጠራው መደብ መነሣት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከንቲባዎች እንደ ዳዊት ደገሙት። ሐሳቡ ባጭሩ ከተማ የሚበለጽገው የተማሩና አዲስ ነገር የሚያፈልቁ ሰዎችን ሲስብ ነው፤ እነሱም የሚሳቡት ቴክኖሎጂ፣ ተሰጥዖና መቻቻል ወዳለበት፣ ሕያው ጎዳና ወዳለበት ቦታ ነው የሚል ነው። ጆሮ ይጥማል። ነገር ግን የመደቡን ዝርዝር ተመልከቱ። ጠበቃው፣ የባንክ ባለሙያው፣ ሥራ አስኪያጁ ከፈጠራው መደብ ይቆጠራሉ፤ ወጥ ሠሪዋ ግን «የአገልግሎት መደብ» ናት። እኛስ «ፈጣሪ» የምንለው አንድ ነው፤ እሱንም በደመወዝ አንለካውም። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልታ፣ በርበሬው ሳያርርባት የምታወጣ ሴት ከፈጠራ ውጭ ናት፤ የወጡን ሰፈር አይቶ ቤት የሚገዛው የብድር ባለሙያ ግን ውስጥ ነው። ፍሎሪዳ ራሱ በ2017 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ያ የከተሞች መነቃቃት ኪራይን እያስወደደ የአብዛኛውን ነዋሪ ኑሮ እንዳከፋ አምኗል። ምሁሩ አመነ፤ የጉብኝት መጽሔቶቹ ግን የ2002ቱን መዝሙር ዛሬም ይዘምራሉ።

ውጤቱን ቁጥር ይናገር። በ1970ው ቆጠራ ከዋሽንግተን 100 ነዋሪ 71 ያህሉ ጥቁር ነበር። በ2020 ወደ 41 ወረደ። ወደ አውራጃዎቹ የሄደው በፈቃዱ፣ ቤቱን ሸጦ፣ ግቢ ፍለጋ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነትም በፈቃዱ የሄደ ብዙ አለ። ግን ፈቃዱን ያልተጠየቀውስ?

አሁን ወደ ሰባተኛው ጎዳና ልመለስ። ጎዳናው ወደ ሰሜን ሲወጣ ፍሎሪዳ አቬኑ ላይ ስሙ ተለውጦ ጆርጂያ አቬኑ ይሆናል። በዚያ ማዕዘን አንዲት የስልክ መሸጫ ከ1995 ጀምሮ በደጅዋ ጎጎ ሙዚቃ ታሰማ ነበር። ጎጎ የዋሽንግተን የራሷ ልጅ ነው፤ ቸክ ብራውን በ1970ዎቹ ያቆመው፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር እንኳ ከበሮው የማያርፍበት። በ2019 በአጠገቡ ከተሠራ አዲስ አፓርታማ በመጣ አቤቱታ ሙዚቃው ጸጥ እንዲል ተደረገ። ሕዝቡ ወጣ። ድንጋይ አልወረወረም፤ ጎዳናውን ሞልቶ ጨፈረ። ሙዚቃው በቀናት ውስጥ ተመለሰ፤ በ2020 ደግሞ ጎጎ የከተማዋ ኦፊሴላዊ ሙዚቃ ተብሎ በሕግ ታወጀ። እንግዲህ ፍረዱ፦ አዲሱ ነዋሪ ወደዚያ ሰፈር የመጣው «ሕያው ጎዳና» አለ ተብሎ ነው። መጥቶ በመጀመሪያ የጠየቀው ሕይወቱ ዝም እንዲል ነው። ምግብ ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ማንም አይከሰውም። ይህ ይመስለኛል የጉብኝት መጽሔቶች ከአንድ ሕዝብ ነገር ሁሉ ምግቡን የሚመርጡበት ምክንያት።

እስከዚህ ድረስ ሌላውን ከሰስኩ። አሁን የራሳችንን።

ጆርጂያ አቬኑ ለእኛ እንግዳ ጎዳና አይደለም። ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው እሱ ላይ ነው። ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማረው እዚያ ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ፣ ጣሊያን ሀገራችንን ሲወር የጥቁር አሜሪካን ልብና ኪስ ለኢትዮጵያ ለማነሣሣት ሲሮጥ ኖሮ በ1940 በወጣትነቱ ሞተ። ያኔ የራሱ ሀገር በሎሚ ተራ ተራ የማያስገባው፣ ቲያትር ቤት በጓሮ በር የሚገባ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ሳንቲም እየለቀመ ልኮልናል። ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ አውሮፕላኖቻችንን መርቷል። ፕሮፌሰር ሊዮ ሀንስበሪ ሌላው ሲስቅበት የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ በሀዋርድ ለዓመታት አስተምሯል። ይህ ውለታ ነው።

በዚያው ጎዳና በ1978 «ማማ ደስታ» የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ፤ በዋሽንግተን የመጀመሪያው የሐበሻ ምግብ ቤት እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ በ1980ዎቹ፣ ከአብዮቱ የሸሸው ስደተኛ ሲበዛ፣ አዳምስ ሞርጋን በ18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቻችን ተደረደሩ። እዚያ ኪራዩ ሲንር ወደ ሾ ወረዱ። ማንም የማይፈልገውን ባዶ ሱቅ ተከራይተው፣ ሌሊት ሌላ ሥራ እየሠሩ፣ ዘጠነኛውን ጎዳና ብርሃን አበሩበት። ይህንን የሚክድ ሐሰተኛ ነው።

ዳሩ ግን በ2005 ከመካከላችን ሰዎች ተነሥተው ያ ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ጠየቁ። ሎስ አንጀለስ በ2002 ፌርፋክስ አቬኑ ላይ ተሰይሞ ነበርና እኛስ አሉ። የሰፈሩ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ያኔ ሳይሳካ ቀረ። ያን ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ወሬውን ሰምቼ «ምቀኞች!» ማለቴን አልደብቅም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ብለናል። ዛሬ ግን እንዲህ ብዬ ለመጠየቅ እደፍራለሁ፦ ኤሊንግተን ያደገበትን፣ አያቶቹ የተዘጋባቸውን በር ትተው በእጃቸው የሠሩትን፣ ተቃጥሎ፣ ተቆፍሮ የተረፈውን ሰፈር በእኛ ስም እንጥራው ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? ለዶክተር መላኩ ሳንቲም የለቀመችው አሮጊት የልጅ ልጅ ኪራይ አቅቷት ከሰፈሩ በምትወጣበት ሰዓት እኛ ታርጋ ለመለጠፍ መሰላል ይዘን መድረሳችን ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ውለታን መርሳት ግን ክፋት አያስፈልገውም።

ደግሞስ ምን ተረፈን? ኪራዩ እኛንም አልማረም። የወገኖቻችን ሱቆች ራሳቸው ቀስ በቀስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ሰፈርን በምግብ የሚያስወድድ ሰው የራሱን መውጫ እየቀለበ ነው።

ይህን ሁሉ ከእኔ በፊት በልብ ወለድ ያሳየው ዲናው መንግሥቱ ነው። በ2007 በታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሎጋን ሰርክል ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው አንድ ስደተኛ አለ፤ ጎረቤቱ ያለችውን የፈረሰች ቤት አንዲት ነጭ ምሁር ገዝታ ታሳድሳለች፤ ሰፈሩ ይለወጣል፤ ነባሮቹ ይባረራሉ፤ ጡብ ይወረወራል። ባለ ሱቁ በሁለቱ መካከል ቆሞ የማን ወገን እንደ ሆነ ሳያውቀው ይቀራል። ያ መጽሐፍ ስንት ሽልማት አገኘ! በዘጠነኛው ጎዳና ካሉት ምግብ ቤቶች ግን በገባሁባቸው አራቱም መጽሐፉ የለም፤ የሚያውቀውም አስተናጋጅ አላገኘሁም። አስተናጋጁን አልወቅስም፤ ሁለት ሥራ ይሠራል። ባለቤቱን ነው የምለው፤ ላሊበላን በላስቲክ ፍሬም ከመስቀል ይልቅ ደንበኛው የተቀመጠበት ወንበር ያለበትን ሰፈር ታሪክ የጻፈ ያገር ልጅ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ቢያኖር ምን ይጎዳዋል?

የባሰውን ልንገራችሁ። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ በሀዋርድ ሥዕል አስተማረ። ኒው ዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገና በ1960ዎቹ ሥራውን የገዛለት ሠዓሊ ነው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን የመሰሉ ፊደላችንን ወደ ቀለም የለወጡ ሠዓሊዎች በእጁ አልፈዋል። በ2003 እዚያው ዋሽንግተን አረፈ። ይህ ሰው ከዘጠነኛው ጎዳና በእግር በሚደረስበት ርቀት ለሠላሳ ዓመት ያህል ሲያስተምር ኖሮ፣ ዛሬ የከተማዋን «ፈጠራ» የሚያወድስ መጽሔት የኢትዮጵያን ፈጠራ ሲፈልግ የሚያገኘው ሽሮ ነው። መጽሔቱን አልፈርድበትም፤ ያሳየነው ያንን ነው። ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው የቱሪስት ኮሚሽን ፖስተር እንጂ እስክንድርን አይደለም። የሰው ሀገር ሕዝብ ሆዱን እንዲወደን ጋበዝነው፤ ሆዱ ወደደን፤ ዓይኑና ጆሮው ግን ተርበው ሄዱ።

ምግቡ ራሱስ ታሪኩን ይዞ ነው ወይ የቀረበው? በያይነቱ እዚያ የአትክልት ምግብ ተብሎ ይሸጣል። ረቡዕና ዓርብ የሚባል ነገር እንዳለ፣ ያ ምስር ወጥ የሁዳዴ ልጅ እንደ ሆነ፣ ሳህኑ ላይ ያለው ሁሉ የመከልከል ጥበብ እንደ ሆነ የሚናገር አንድ መስመር ዝርዝሩ ላይ የለም። ክትፎ የጉራጌ እናቶች ሥራ መሆኑም አልተጻፈም። ሁሉም «የኢትዮጵያ ምግብ» በሚል አንድ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ለአርባ ደቂቃ ይቀርባል። ይህን ያልኩት አንድ ባለ ምግብ ቤት ፊቱን አጨለመብኝ። «ወንድሜ፣ አንተ እንግዳ ነህ፤ ታሪክ ኪራይ አይከፍልም» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ግን ታሪክ ያልነበረው ቤትም ኪራዩን ሳይችል ሲዘጋ አጎቴ በጣታቸው እየቆጠሩ አሳይተውኛል።

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ አንብላ ነው የምትለው?» ይለኝ ይሆናል። በፍጹም። በእኛ ወግ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን «እንብላ» ይለዋል። ግሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ አብሮ አለበት። ጎብኚው ወደ አንድ ሰፈር ሲመጣ ያንን ብዙ ቁጥር ሊያስታውስ ይገባዋል ነው የምለው፤ የሚበላው ሳህን የነማን ገበታ እንደ ነበረ፣ ገበታው ዙሪያ አሁን ማን እንደ ጎደለ። አርባ ደቂቃ ለዚህ አይበቃም። ካልበቃ ደግሞ አንድ ሰፈር ይቅርበት። ሦስት ቀን ያለው ሰው ሦስት ጎዳና ቢያውቅ ምን አነሰው?

በመጨረሻው ማታ አጎቴ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ወደ ቤታቸው ነዱ። ሀዋርድን አለፍን፤ ማማ ደስታ ነበረች የሚሉትን አካባቢ አለፍን። ጎዳናው ሳይታጠፍ የሜሪላንድን ወሰን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያስገባል። አጎቴ በወጣትነታቸው አዳምስ ሞርጋን ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር አንድ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አሁን ወደዚያ የሚሄዱት ተሳፋሪ ሲኖራቸው ብቻ ነው፤ እሱንም ለእራት የሚሄድ ተሳፋሪ።

ባለቤታቸው ገበታውን ዘርግተው ጠበቁን። እንጀራ ሲቆረስ አጎቴ ስለ ፒያሳ ጠየቁኝ። ልጅነታቸው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2024 በኮሪደር ልማቱ እንደ ፈረሰ ሰምተዋል፤ ግን በዜና የሰማውንና ከሚያውቀው ሰው አፍ የሚሰማውን ሰው እንደ አንድ አይቆጥረውም። እንግሊዝኛው ድኻውን አስወጥቶ ሰፈሩን ለማሳመር የራሱ ረጅም ቃል አለው፤ እኛ ያለን «ልማት» ነው። እኔም ጎዳናው ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ብስክሌት መሄጃ አለው አልኳቸው፤ እውነት ነውና።

«ሥጋ ቤቱስ?» አሉኝ። «ፈርሷል።» «ጠጅ ቤቲቱስ? ከዳገቱ በላይ ያለችው?» «እሷም።» «እነዚያ ጥብስ የሚጠብሱት ሴቶች፣ ሌሊት ሌሊት?» «ፈርሷል ጋሼ፤ ሁሉም ፈርሷል።» «ቤቱንማ ሰማሁ፤ ሴቶቹን ነው የጠየቅሁህ። የት ገቡ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ፒያሳ ለሃያ ዓመት ተመላልሼ በልቻለሁ፤ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም።

«ብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ» አሉ እትዬ።